መልስ፦ የተክል ንጥረ ነገሮች እውነት እርጅናን ያዘገያሉ?

ጥያቄህ "አትክልት ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከሴል ሪሴፕተር ጋር ተያይዘው እርጅናን ያዘገያሉ ይባላል፤ ክኒናቸውን ልግዛ?" የሚል ነው። ክኒኑን ለጊዜው ተወው።

ሐሳቡ ግን ባዶ ወሬ አይደለም። ሪሴፕተር ማለት መልእክት የሚቀበል የሴል ክፍል ነው። ድሮ የሚባለው "አንቲኦክሲደንት (ሴልን ከሚጎዱ ሞለኪውሎች የሚከላከሉ) ስለሆኑ ይጠቅማሉ" ነበር። ነገር ግን ተፈጭተው ደም ውስጥ የሚደርሱት በጣም በትንሹ ነው። ሪሴፕተር ላይ ለመሥራት ግን ብዙ አያስፈልግም፤ ትንሽ ቁልፍ ትልቅ በር ትከፍት የለ? ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኬርሴቲን ኤንአር4ኤ1 ከሚባል ሪሴፕተር ጋር ይያያዛል። ይህ ሪሴፕተር ሴል ሲጎዳ ይበዛል፤ ብግነትን በመቆጣጠርም ድርሻ አለው። የአኩሪ አተሩ ጄኒስቴይን ደግሞ የኢስትሮጅን ሪሴፕተር ላይ ይቀመጣል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ብሮኮሊ ነው። ሰልፎራፌን የሚባለው ንጥረ ነገሩ የሚፈጠረው ስትከትፈው ነው፤ ሴሎቹ ሲሰበሩ ተለያይተው የነበሩት ኢንዛይምና ጥሬ ዕቃው ይገናኛሉ። እንዳለ ከቀቀልከው ኢንዛይሙ ይበላሻል። ስለዚህ ከትፈህ ትንሽ አቆየውና ከዚያ አብስለው። እርግጥ ሰልፎራፌን የሚነካው ሪሴፕተር ሳይሆን ኪፕ1 የሚባል ፕሮቲን ነው። ውጤቱ ግን የሴሉን መከላከያ ጂኖች መቀስቀስ ነው።

ዕድሜ ያስረዝማል ወይ? በ2006 በወጣ ጥናት ቅባት የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው አይጦች በወይን ልጣጭ ውስጥ በሚገኘው በሬስቬራትሮል ከአቻዎቻቸው የተሻለ ኖረዋል። የተለመደ ምግብ የሚበሉ አይጦች ላይ ግን ዕድሜ አልጨመረም። ሰው ላይም እስካሁን አልተረጋገጠም።

ክኒን እንዳትቸኩል ያልኩህም ለዚህ ነው። የተጨመቀ የአረንጓዴ ሻይ ክኒን ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ። ደም የሚያቀጥን ወይም የካንሰር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ እባክህ መጀመሪያ ሐኪምህን አማክር።