«እናቴን ላውጣት ወይ?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ 79 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስለወደቀች አሲስትድ ሊቪንግ (አረጋውያን እየተረዱ የሚኖሩበት ቤት) አስገባኋት። ቦታው ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ደጎች ናቸው። እሷ ግን ቁርስ አትበላም፣ ከክፍሏ አትወጣም። «ከማን ጋር ላውራ?» ትለኛለች። እህቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ እየደወለች «እናታችንን ጣልሻት» ትለኛለች። ላውጣት ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማውጣቱን ለጊዜው ተይውና ከቁርሱ እንጀምር። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ሜሪላንድ እንዲህ ባለ ቤት በነርስ ረዳትነት ሠርቻለሁ። የኛ እናቶች ቁርስ እምቢ ሲሉ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጾም ነው። መዝገቡ ላይ ግን «ምግብ አልፈልግም አለች» ተብሎ ይጻፋል፣ በቃ። እናትሽ የስኳር በሽተኛ ስለሆኑ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ ኪኒንና ኢንሱሊን ምግብ ካልተከተለው ስኳር በጣም ያወርዳል። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ጠይቂያቸው፤ ለሐኪማቸውም ንገሪ። የንስሐ አባታቸውም በስልክ ያነጋግሯቸው። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀል ከአንቺ አፍ ቢሰሙት አያምኑሽም።

ከዚያ ከነርሷ ጋር ስብሰባ ጠይቂ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል እንደማይበሉ በእንክብካቤ ዕቅዳቸው ላይ ይጻፍ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑን አስረግጠሽ ንገሪያቸው፤ ፈረንጆቹ አንድ ሳምንት ይመስላቸዋል። ከቤት ምግብ ማምጣት ከተፈቀደልሽ ሽሮውንና ምስሩን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ፣ ቀን ጽፈሽበት አስቀምጪላቸው።

«ከማን ጋር ላውራ?» ማለታቸው እውነት ነው። እናንተ አካባቢ ግን ሐበሻ ሠራተኛ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ብዙዎቹ ማታ ስለሚገቡ አላየሻቸው ይሆናል፤ የትኛው ሺፍት ላይ እንዳሉ ጠይቂ። ሐበሻ አረጋውያን የሚውሉባቸው የቀን ማዕከላትም አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ጠይቂ፣ ሰው ይጠቁምሻል።

ቡናውንም አትርሺ። ከሰልና ዕጣን ግን እንዳትሞክሪ፣ የጭሱ አላርም ሕንፃውን በሙሉ ሰልፍ ያስወጣል! ፈቃድ ጠይቂና በኤሌክትሪክ ጀበና የጋራ ሳሎኑ ውስጥ አፍሉ። ቀጂዋ እሳቸው ይሁኑ፤ አንቺ ስኒ አመላልሺ። ጎረቤቶቻቸውን ቡና ለማጠጣት እንግሊዝኛ አያስፈልጋቸውም። ክፍል ዘግተው ይውሉ የነበሩ ሴት፣ ጀበና ሲቀርብላቸው ወንበር አስተካክሉ ብለው ሲያዙን አይቻለሁ።

እህትሽን አትቀየሚያት። አዲስ አበባ «የአረጋውያን ቤት» ሲባል ሰው የሚያስበው መቄዶንያን ነው፤ ጧሪ ያጣ ሰው የሚጠጋበትን። ክፍሉን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ የመጥሪያውን ደወል በቪዲዮ አሳያት። በወር የምትከፍዪውንም ንገሪያት። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን የአሲስትድ ሊቪንግ ኪራይ እንደማይከፍል አገር ቤት ያለ ሰው ከየት ያውቃል?

ቤቱ ጆሮ ካልሰጠሽ በየስቴቱ የአረጋውያን እንክብካቤ ዕንባ ጠባቂ አለ። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ አቤቱታሽንም ያለ ፈቃድሽ ለሌላ አያወጡም።

ይኼ ሁሉ ተሞክሮ እናትሽ አሁንም «አውጪኝ» ካሉ፣ ቀን ማን አብሯቸው እንደሚውል አስቢበትና መልሰሽ ጻፊልኝ። ለሐኪሙ ግን ነገ ጠዋት ደውዪ።