ደብዳቤው ለማን ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ሐዋርያት ዘመን መልእክታት ከደረሱን ጥያቄዎች ሰባቱን መርጠናል። የጥቅሶቹ አነጋገርና የሰዎቹ ስም በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መሠረት ነው። ዓ.ም. ያላልንባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ምክንያቱ ሦስተኛው መልስ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ 1ኛ ቆሮንቶስን በተከታታይ ሳነብ ሐሳቡ ይዘልብኛል። ከጋብቻ ለጣዖት ወደ ተሠዋ ሥጋ፣ ከሥጋው ወደ ራስ መሸፈን፣ ከዚያ ወደ እራት ይሄዳል። ጥፋቱ የእኔ ነው የመጽሐፉ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የእርስዎም አይደለም፣ የመጽሐፉም አይደለም። እጃችን ላይ ያለው የምልልሱ ግማሽ ብቻ ነው። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ ኤፌሶን ተቀምጧል (16፥8)፤ ከባሕሩ ማዶ ወሬ የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነበር። የቀሎዔ ቤተ ሰዎች በመካከላቸው ስላለው ክፍፍል ነግረውታል (1፥11)። ቆሮንቶሳውያን ራሳቸው ደብዳቤ ጽፈውለታል (7፥1)። እስጢፋኖስ፣ ፈርዶናጥስና አካይቆስ ደግሞ በአካል መጥተዋል (16፥17)። በነገራችን ላይ ይህ እስጢፋኖስ በድንጋይ የተወገረው ሰማዕት አይደለም፤ በግሪኩ ስማቸው ይለያያል፣ አማርኛው ነው አንድ ያደረገው።

እርሳስ ይያዙና 7፥1፣ 7፥25፣ 8፥1፣ 12፥1፣ 16፥1 እና 16፥12 ላይ ያለውን «ስለ» ያስምሩበት። በግሪኩ ስድስቱም በአንድ ዓይነት ሐረግ ይጀምራሉ፤ ብዙ ሊቃውንት ከቆሮንቶስ የመጣውን ደብዳቤ ነጥብ በነጥብ እያነሣ የሚመልስባቸው ቦታዎች ናቸው ይላሉ። ከምዕራፍ 1 እስከ 6 ያለው በአብዛኛው በአፍ የደረሰው ወሬ ነው። 11፥18 ላይም «እሰማለሁና» ይላል፤ የእራቱ ነገር የገባው በዚህ በኩል ነው።

ስድስቱን ካሰመሩ በኋላ የሚመጣ አንድ ችግር አለ። የጥንት ግሪክ ጽሑፍ የጥቅስ ምልክት አልነበረውም፤ ስለዚህ የእነሱ ንግግር የት አልቆ የእሱ መልስ የት እንደሚጀምር በዓይን አይለይም። «ሁሉ ተፈቅዶልኛል» (6፥12) የሚለውን የጳውሎስ ትምህርት አድርጎ የሚጠቅስ ሰው አይጠፋም። ግን ወዲያው «ሁሉ ግን የሚጠቅም አይደለም» የሚል ይከተላል፤ መጀመሪያው የቆሮንቶሳውያን መፈክር፣ «ግን» ያለበት የእሱ ማረሚያ መሆኑን አብዛኞቹ ተርጓሚዎች ይቀበላሉ። 8፥1 ላይ ያለው «ሁላችን እውቀት እንዳለን» እና 7፥1 ላይ ያለው «ከሴት ጋር አለመገናኘት» ም እንዲሁ የእነሱ ቃል ሳይሆኑ አይቀሩም። አጭርና ቁርጥ ያለ አባባል፣ ከኋላው «ግን» ወይም «ነገር ግን» ሲከተለው፣ የማን ቃል ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሰዎቹን ለማወቅ ከተማዋን ማወቅ ይጠቅማል። አሮጌዋን ቆሮንቶስ ሮማውያን በ146 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አፈረሷት፤ በ44 ቅ.ል.ክ. ዩልዮስ ቄሳር እንደገና ቆረቆራት፤ ከሰፈሩባት ብዙዎቹ ነፃ የወጡ ባሮች ነበሩ። ጳውሎስ ሲደርስ ገና መቶ ዓመት ያልሞላት፣ በሁለት ወደብ መካከል የምትነግድ፣ የዘር ሐረግ ከመቁጠር ይልቅ ገንዘብ ከፍ የሚያደርግባት ከተማ ናት። ባለጠጋና ድሃ አንድ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን 11፥21 ይናገራል፦ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል። የሀብታም ቤት የመብል ክፍል ሦስት መደብ ኖሮት በአንዱ ላይ ሦስት ሦስት ሰው ጋደም ብሎ ይበላበት ነበር፤ ከዘጠኝ በላይ የሆነው እንግዳ ውጭ ግቢው ውስጥ መቀመጡ አይቀርም። እርግጠኛ መሆን ባይቻልም ጥቅሱን ከሚያስረዱት ግምቶች ይህ የተሻለው ይመስለናል።

የሥጋው ጉዳይ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ማን ባርኮ እንዳረደው ሳይጠይቅ ሥጋ የማይነካ ሕዝብ ነው። ጳውሎስ ግን አንድ መልስ አልሰጠም፣ ሦስት ነው የሰጠው። ከሥጋ ገበያ የተገዛ ከሆነ ሳትጠይቅ ብላ (10፥25)። የማያምን ሰው ቤቱ ቢጠራህ ብላ፤ «ለጣዖት የተሠዋ ነው» የሚልህ ካለ ግን ተው (10፥27-28)። ጣዖቱ ቤት ውስጥ ማዕድ ላይ መቀመጥ ደግሞ አይሆንም (8፥10፣ 10፥21)። ሦስቱን ቦታ የሚቀላቅል አንባቢ ምዕራፍ 8ን ከምዕራፍ 10 ጋር ያጣላል።

አንድ ነገር እንጨምር፦ «1ኛ» ቢባልም የመጀመሪያው አይደለም። 5፥9 ላይ ከዚያ በፊት የጻፈላቸውን ሌላ መልእክት ያነሣል፤ ያ ጠፍቷል።

ጥያቄ፦ የሮሜን መልእክት ጳውሎስ በገዛ እጁ ነው የጻፈው? ሮም እንዴት ደረሰ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ብዕሩን የያዘው ጤርጥዮስ ነው፤ 16፥22 ላይ ራሱ በስሙ ሰላምታ ይሰጣል። ማስጻፍ የተለመደ ነበር። ያልተለመደው ርዝመቱ ነው፦ ከግብጽ አሸዋ ከወጡት የግል ደብዳቤዎች አብዛኞቹ መቶ ቃል አይሞሉም፤ ሮሜ በግሪኩ ወደ 7,100 ቃላት አሉት። ትንሹ የጳውሎስ መልእክት ፊልሞና እንኳ 335 ነው።

የሚጻፍበት ከደንገል የተሠራ ወረቀት ነው፤ ያው የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል። ግንዱ ተልጦ ውስጡ በቀጭኑ ይሰነጠቅና አንዱ ድርብ በቁመት፣ ሌላው በአግድም ተነባብሮ ይጨመቃል። ሉኮቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ጥቅል ይሆናሉ፤ የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ በአንድ ጥቅል ከ20 ሉክ አይበልጥም ይላል። ቀለሙ ጥላሸትና ሙጫ፣ ብዕሩ ሸምበቆ ነው፤ የእኛን ብራና ጸሐፊዎች ሥራ ያየ ሰው አይደናገረውም። ጥላሸት ቀለም በውኃ ስለሚለቅ ስህተት በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል፤ ርጥበት ያገኘው ደብዳቤም በዚያው ይበላሻል። ሲያልቅ ተጠቅልሎ ወይም ታጥፎ በክር ይታሰራል፣ ይታተማል፣ የተቀባዩ ስም በውጭ ይጻፋል።

የመንግሥት ፖስታ የሚሠራው ለመንግሥት ብቻ ነበር፤ ሌላው ሰው መንገደኛ ይፈልጋል። የሮሜን መልእክት የወሰደችው የክንክራኦሷ (የቆሮንቶስ ወደብ) ፌቤን እንደሆነች ይታመናል፤ 16፥1 ላይ «አደራ ብያችኋለሁ» ይላል። ይህ ለተላላኪ የሚጻፍ የታወቀ የአደራ ቃል ነው፤ መልእክቱን ያደረሰ ሰውም ያልገባቸውን ማስረዳት የሚጠበቅበት እሱ ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ ባሕሩ ለመርከብ ዝግ ስለሚሆን፣ በጥቅምት መጨረሻ የተጻፈ ደብዳቤ እስከ ጸደይ ሊቆይ ይችላል።

ማጭበርበርም ነበረ። 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥2 «ከእኛ እንደሚመጣ በሚመስል መልእክት» እንዳይናወጡ ያስጠነቅቃል፤ 3፥17 ላይ መለያውን ይነግራቸዋል፦ ጸሐፊው ከጨረሰ በኋላ ጳውሎስ የመጨረሻውን ሰላምታ በገዛ እጁ ይጽፋል። ገላትያ 6፥11 ላይ «ታላቆች ፊደላት» ያለውም ከጤርጥዮስ ዓይነቱ የሠለጠነ እጅ የተለየውን የራሱን እጅ ጽሕፈት ነው። ይህ ምልክት የሚሠራው ግን ዋናውን በዓይኑ ላየ ብቻ ነው። ለሰሚው አይታይም፤ አብዛኛው ደግሞ ሰሚ ነበር፤ ለዚህ ነው 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥27 መልእክቱ ለሁሉ እንዲነበብ በጌታ የሚያምለው። በቅዳሴያችን ዲያቆኑ የጳውሎስን መልእክት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ጽሑፉ መጀመሪያ በታሰበለት መንገድ እየተሰማ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ መጽሐፍ ጳውሎስ ቆሮንቶስ የነበረው በ43 ነው ይላል፣ ሌላው በ51። የቱ ነው የተሳሳተው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሐዋርያት ሥራ 18፥12 ጋልዮስ የአካይያ (ቆሮንቶስ ያለችበት የሮም አውራጃ) አገረ ገዥ በነበረ ጊዜ ጳውሎስ ችሎት ፊት እንደቀረበ ይናገራል። ግሪክ አገር ዴልፊ ላይ የተገኘው የቀላውዴዎስ ቄሳር የድንጋይ ጽሑፍ ጋልዮስን በስም ይጠራል፤ ቄሳሩ ለ26ኛ ጊዜ «አሸናፊ» ተብሎ የታወጀበትን ጊዜም ይጠቅሳል፤ ይህ 52 መጀመሪያ ላይ ይውላል። ሹመቱ በተለምዶ የአንድ ዓመት ስለሆነ ጋልዮስ ከ51 ክረምት እስከ 52 ክረምት ገዛ ማለት ነው። ከጥር እስከ ጳጉሜን ላለው ጊዜ 8 ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው 7 ዓመት ሲቀንሱ በእኛ 43 እና 44 ዓ.ም. ይሆናል። የጳውሎስ ዘመን ሌሎች ቀኖች በአብዛኛው የሚቆጠሩት ከዚህ ድንጋይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው።

የተለመደው ስህተት ከውጭ መጽሐፍ 51ን ቀድቶ «ዓ.ም.» መለጠፍ ነው። ለመፈተን መጽሐፉ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የፈረሰበትን ዓመት ምን እንደሚል ይዩ። 70 ካለ የአውሮፓ ነው፤ 62 ካለ የእኛ። ሁለቱንም የሚያቀላቅል መጽሐፍ ከሆነ ለቀን አይመኑት።

ጥያቄ፦ ገላትያ ከተማ ናት? ኤፌሶንስ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ገላትያ በዛሬዋ ቱርክ ውስጥ የነበረች አውራጃ ናት፤ መልእክቱ ለአንድ ከተማ ሳይሆን «ለገላትያ አብያተ ክርስቲያናት» ነው። ኤፌሶን ከተማ ናት፤ ነገር ግን ከሁሉ በሚቀድሙት ቅጂዎች፣ በቫቲካኑና በሲናው ጥንታዊ መጽሐፍ ጭምር፣ 1፥1 ላይ «በኤፌሶን» የሚለው ቃል መጀመሪያ አልነበረም። ስለዚህ ለብዙ ከተሞች የዞረ መልእክት ነበር የሚሉ አሉ።

ጥያቄ፦ ቀሌምንጦስ ለቆሮንቶስ የጻፈው መልእክት በ81ዱ ውስጥ ያለው መጽሐፈ ቀሌምንጦስ ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይደለም፤ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። በእኛ ዘንድ ያለው በግዕዝ የተላለፈ፣ በሰባት ክፍል የተከፈለ፣ ጴጥሮስ ለደቀ መዝሙሩ ለቀሌምንጦስ የገለጠለት ምሥጢር ተብሎ የቀረበ ሌላ መጽሐፍ ነው።

እርስዎ የሚሉት በ96 ገደማ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ለቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ፣ 65 ምዕራፍ ያለው የግሪክ ደብዳቤ ነው። የቀሌምንጦስ ስም በውስጡ የለም፤ የሰጠው ትውፊት ነው። ምክንያቱ ጠብ ነው፦ ቆሮንቶስ ውስጥ አንዳንዶች ተነሥተው ቀሳውስቱን ከሹመታቸው አውርደዋል። ምዕራፍ 47 «የብፁዕ ጳውሎስን መልእክት አንሡ» ብሎ ያንኑ የአፈንጋጭነት ታሪካቸውን ያስታውሳቸዋል፤ አርባ ዓመት አልፎም ቆሮንቶስ ያው ቆሮንቶስ ናት። የላኩትም ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ምዕራፍ 65 ሦስት መልእክተኞችን በስም ይጠራና ሰላም መውረዱን ይዘው ቶሎ እንዲመለሱ ይጠይቃል። በ170 ገደማ የቆሮንቶሱ ኤጲስ ቆጶስ ዲዮናስዮስ ደብዳቤው በእሑድ እንደሚነበብ ጽፏል። ሙሉው ግሪክ የታተመው ግን በ1056 የተገለበጠ ቅጂ ቁስጥንጥንያ ከተገኘ በኋላ፣ በ1875 ነው።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን ለእኛ አገር የተጻፈ ደብዳቤ አለ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ከሐዋርያት ዘመን የለም። ከአራተኛው መቶ ዓመት ግን አለ፤ ጸሐፊው ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ፣ ተቀባዮቹ የአክሱሞቹ ኢዛናና ሳይዛና ናቸው፤ ጊዜው 356 ወይም 357 ነው። «ክቡራን ወንድሞች» ብሎ ይጠራቸዋል፤ የሚጠይቀው ግን ከባድ ነገር ነው። ፍሬምናጦስን፣ በእኛ አባ ሰላማ የሚባለውን፣ የሾመው አትናቴዎስ ነው፤ ቆስጠንጢዮስ ደግሞ ወደ አርዮሳውያን ያደላና አትናቴዎስን ያሳደደ ነው። ስለዚህ ፍሬምናጦስን ወደ ግብጽ ላኩት፣ የእስክንድርያው አዲስ ጳጳስ ጊዮርጊስ ይመርምረው ይላል። (ሰማዕቱ ጊዮርጊስ አይደለም።) አትናቴዎስ ወደ አክሱም ዘልቆ ሕዝቡን እንዳያስትም ይሰጋል።

ደብዳቤው ለእኛ የደረሰው ራሱ አትናቴዎስ ለቆስጠንጢዮስ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ስለገለበጠው ነው፤ የተከሰሰው ሰው የክሱን ወረቀት አቆየልን። የተቀባዮቹንም ስም አክሱም ላይ ያለው ድንጋይ ያጸናዋል፦ ስለ ቤጃ ዘመቻ የሚናገረው የኢዛና ጽሑፍ ወንድሞቹን ሳዕዛናንና ሐደፋን እንደላከ ይናገራል።

ጥያቄ፦ አንድ መልእክት ብቻ ጠንቅቄ ላንብብ ብል የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ፊልሞናን፤ ጳውሎስ ስለ ባሪያው ስለ አናሲሞስ ለጌታው ለፊልሞና የጻፈው ልመና ነው። 25 ቁጥር ነው፤ ሳይነሡ ሦስት ጊዜ ሊያነቡት ይችላሉ። መጀመሪያ ዝም ብለው ያንብቡ። ሁለተኛ ቆላስይስ 4፥9 እና 4፥17ን ጎን ያድርጉ፤ አናሲሞስና አርክጳ እዚያም ስላሉ የፊልሞና ቤት ቆላስይስ እንደነበረ ይረዳሉ። ሦስተኛ ጊዜ «አንተ»ን በአንድ ቀለም፣ «እናንተ»ን በሌላ ያስምሩ፤ የዛሬው እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን ማድረግ አይችልም፣ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። ከ4 እስከ 21 ሁሉም «አንተ» ነው፦ ስለ ባሪያው የሚለመነው ፊልሞና ብቻውን ነው። አድራሻው ግን አፍብያን፣ አርክጳንና «በቤትህም ላለች ቤተ ክርስቲያን»ን ይጨምራል። ማለትም ልመናው ሲነበብ ጉባኤው ተቀምጦ ይሰማል፤ ፊልሞና እምቢ ቢል በሰው ፊት ነው።

አናሲሞስ በግሪክ «ጠቃሚ» ማለት ነው፤ ቁጥር 11 «አስቀድሞ ስላልጠቀመህ» ብሎ በስሙ ይጫወታል፣ በአማርኛ ይህ አይሰማም። ቁጥር 19 ላይ «እኔ እመልሰዋለሁ ብዬ በእጄ እጽፋለሁ» ማለቱ የዕዳ ወረቀት መፈረም ነው፤ እዚያው ላይ ግን ፊልሞና ራሱ የእሱ ባለዕዳ መሆኑን ጣል ያደርጋል። ቁጥር 22 ላይ ሁለቱ ቀለሞች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛሉ፦ ጸሎቱ «በጸሎታችሁ» ነው፣ የሁሉም፤ «የማድርበትን ቤት አዘጋጅልኝ» የተባለው ግን ፊልሞና ብቻ ነው፤ እንግዳው መጥቶ አናሲሞስ በምን ዓይነት እንደተያዘ በዓይኑ ሊያይ ነው።