ጠርዙን ሳታይ ኮምፔርሳቶ አትግዛ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ደሴ ነው። ከወንድሜ ጋር ሐይቅ ላይ ዓሣ የምናጠምድባት ትንሽ የእንጨት ጀልባ አለችን። ክረምቱን ሳንገለብጣት ቀርተን ዝናብ ሲጠራቀምባት ከረመ፤ አሁን ወለሏን በአውራ ጣት ስጫነው ይሰረጉዳል። ኮምቦልቻ አንዱ ነጋዴ ለኮንክሪት ሥራ የሚሆነውን ልሙጥ ጥቁር ፕላይውድ (ኮምፔርሳቶ) «ይሄን ውሃ አይነካውም» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ርካሹን የኮርኒስ ኮምፔርሳቶ ገዝተህ ቀለም አጠጣው አለኝ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብርህን ገና አታውጣ። የኮርኒሱን ተወው። የተጣበቀበት ሙጫ ለቤት ውስጥ ነው፣ ውሃ ሲያገኘው ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፤ ቀለም ደግሞ አንድ ቦታ ከተጫረ አበቃ። ጥቁሩ ይሻላል፣ ግን ልባሱ የተሠራው ኮንክሪት እንዳይዘው ስለሆነ ቀለምም ኢፖክሲም (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ሙጫ) በደንብ አይዙትም፣ ፍቀህ ካላነሳኸው በቀር። በመጋዝ የቆረጥክበትና በብሎን የበሳኸው ቦታ ላይ ደግሞ ልባስ የሚባል ነገር የለም።

ነጋዴው ፊቱን ያሳይሃል፣ አንተ ጠርዙን እይ። የስልክህን መብራት አብራና አራቱንም ጎን ዙረው። በንብርብሮቹ መሀል የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ቀዳዳ ካየህ ውስጡም እንደዚያው ነው፤ ውሃ እዚያ ይተኛል፣ ብሎኑም የሚነክሰው እንጨት ያጣል። የጀልባ የሚባለው ፕላይውድ፣ ቢኤስ 1088 የሚል የእንግሊዞች የጥራት ደረጃ ማኅተም ያለው፣ ከሌላው የሚለየው ሙጫው ውሃ ስለሚችልና ውስጡ ባዶ ቦታ ስለሌለው ነው። መድኃኒት የተነከረ አይደለም፣ ካልሸፈንከው እሱም ይበሰብሳል።

ማኅተም ግን ማንም ይመታል። ስለዚህ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ለምንና ቤት ወስደህ ቀቅላት! አንድ ሰዓት ቀቅል፣ አድርቅ፣ እንደገና ቀቅል። ከዚያ የቢላ ጫፍ በንብርብሩ መሀል አስገብተህ ፈልቅቅ። እንጨቱ ራሱ እየተሰነጠረ ካስቸገረህ ሙጫው ጥሩ ነው። በቀላሉ ከተላቀቀ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ስትሠራ የላላውን ብቻ አትጥረብ፣ ጠንካራ እንጨት እስክታገኝ ቁረጥና በደንብ ይድረቅ። አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበትን ጫፍ በሰያፍ አስለህ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው፣ የሰያፉ ርዝመት የኮምፔርሳቶውን ውፍረት 8 እጥፍ ይሁን፤ 9 ሚሊ ከሆነ 72 ሚሊ ማለት ነው። ነጩን የአናጢ ኮላ እንዳትጠቀም፣ ውሃ ውስጥ ይለቃል። ኢፖክሲ ይሁን። ጠርዙንና የብሎን ቀዳዳውን ውስጡን ጭምር ሁለት ሦስት ጊዜ አጠጣው፣ ምክንያቱም ኮምፔርሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጎኑ ነው።

የሐይቅ ውሃ ጨው የለውም፤ ጨው የሌለው ውሃ ደግሞ እንጨት ቶሎ ያበሰብሳል። በሚቀጥለው ክረምት ገልብጣችሁ፣ ከሥሯ ነፋስ እንዲገባ ድንጋይ ላይ አስቀምጧት።