ስለ 2,147,483,647 የቀረቡ ጥያቄዎችና የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ይህ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ኮምፒውተር ሳይኖር እንዴት ተረጋገጠ?

መልስ፦ የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ውጤቱን ያስታወቀው በ1772 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በጊዜው የዓይኑ ብርሃን እጅግ ደክሞ ነበር። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ ከዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ከሚሰጠው) በማይበልጡት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ይበቃል። የዚህ ቁጥር ዳግም ዘር ከ46,341 በጥቂቱ ስለሚያንስ፣ በዚህ መንገድ ከ4,700 በላይ ማካፈሎች ያስፈልጋሉ። ኦይለር ግን ቁጥሩ 2 በ31 ርቢ (31 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ) ሲቀነስ 1 መሆኑን ተጠቅሞ አብዛኛውን ድካም አስቀረ።

ጥያቄ፦ ቅርጹ ድካሙን የሚቀንሰው በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ የጉዳዩ እምብርት ይህ ስለሆነ በዝርዝር እመልሳለሁ። ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍል «ቀ» የተባለ ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል። እንግዲያው 2 በ31 ርቢ ለ«ቀ» ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ በትንሹ የፌርማ ቴዎረም መሠረት ደግሞ የ2 ርቢ ከ«ቀ» በ1 የሚያንስ ሲሆንም ቀሪው 1 ነው። 31 ራሱ ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ፣ ሁለቱ አብረው እውነት የሚሆኑት ከ«ቀ» 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር የ31 ብዜት ሲሆን ብቻ ነው። «ቀ» ኢተጋማሽ ስለሆነ ይኸው ቁጥር የ62 ብዜትም ይሆናል። በተጨማሪም 2 በ32 ርቢ፣ ማለትም 2 በ16 ርቢ በራሱ ሲባዛ፣ ለ«ቀ» ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ «ቀ» ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ሲተርፈው ብቻ ነው። ስለዚህ «ቀ» ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። መሞከር የሚገባቸው ብቸኛ ቁጥሮች ከመቶ በታች ይወርዳሉ፤ ከእነርሱ አንዱም ያለ ቀሪ አያካፍለውም። በእኔ አስተያየት ከውጤቱ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ይህ የአስተሳሰብ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ከፍጹም ቁጥሮች ጋር ዝምድና አለው?

መልስ፦ አለው። በ2 የ30 ርቢ ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 ይሆናል፤ የዚህ ቁጥር አካፋዮች፣ ራሱን ሳይጨምር፣ ሲደመሩ መልሰው እርሱን ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ውስጥ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመን ብቸኛ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች)፣ አንዱ ቢት ለመደመር ወይም ለመቀነስ ምልክት ሲውል፣ የሚጻፈው ትልቁ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይኸው ነው፤ ለዚህ ብቸኝነቱ አያስፈልግም። የዘፈቀደ ቁጥር በሚያመነጭ አንድ የታወቀ ዘዴ ግን ብቸኝነቱ ወሳኝ ነው፤ የቀደመውን ቁጥር በ16,807 አባዝቶ በ2,147,483,647 ሲካፈል የሚተርፈውን የሚወስድ ሰው፣ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ሁሉ አንድ ጊዜ ሳያዳርስ ወደ መነሻው አይመለስም። ሆኖም ቀጣዩ ቁጥር ካለፈው በቀላሉ ስለሚሰላ፣ ዘዴው ለምስጢር ጥበቃ ፈጽሞ አይሆንም።

ጥያቄ፦ 2 በዚህ ቁጥር ርቢ ተነሥቶ 1 ቢቀነስለትስ ብቸኛ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዞች ያሉት ያ ግዙፍ ቁጥር በ295,257,526,626,031 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከላይ ለ31 የተሰጠው ማስረጃ ለማንኛውም ኢተጋማሽ ብቸኛ ርቢ ስለሚሠራ፣ ከዚህ አካፋይ 1 ሲቀነስ የ2,147,483,647 ሁለት እጥፍ ብዜት መሆን ይገባዋል፤ ሲሰላም የዚያ ሁለት እጥፍ በትክክል 68,745 እጅ ሆኖ ይገኛል።