የትንፋሽ ሜዲቴሽን የጠየቅሽው እህቴ፣ እባክሽ እንደኔ በኃይል እየሳብሽ እንዳትጀምሪ

እህቴ ጥያቄሽን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት። ማታ ጋደም ስል ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ ቤት ውስጥ የትንፋሽ ሜዲቴሽን ሞክራችሁ የጠቀማችሁ ካላችሁ የትኛውን ቪዲዮ ልከተል ነው ያልሽው። መልሴ ይረዝማል ግን ታገሺኝ፣ እኔ ይሄን ነገር ሆስፒታል 7,400 ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት።

1. "አየር በደንብ ሳቢ" የሚልሽን ሰው አትስሚ። ሁሉም የሚለው እሱን ነው አውቃለሁ፣ እኔንም ጉድ የሰራኝ እሱ ነው። አካውንታንት ነኝ፣ ሰኔ ሲመጣ ሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝና አንድ የመስሪያ ቤት ልጅ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሰውየው 30 ጊዜ በአፍ በኃይል ሳቡ፣ ልቀቁ፣ ሳቡ፣ ልቀቁ ይላል። ልጆቹን አስተኝቼ ማታ 5 ሰዓት አካባቢ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ዙር ጨረስኩ፣ ትንሽ ራሴን ቀለል አለኝ፣ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ዙር መሃል ላይ ከንፈሬን ወረረኝ፣ ከዛ የእጄ ጣቶች ደነዘዙ፣ ከዛ አውራ ጣቴ ወደ መዳፌ ታጥፎ ሌሎቹ ጣቶቼ ተገትረው አልንቀሳቀስ አሉኝ። በሌላኛው እጄ ልዘረጋቸው ብል እሱም ያው ሆኗል። ደረቴ ተጨነቀ፣ አየር ያነሰኝ መስሎኝ ጭራሽ አብዝቼ መሳብ ጀመርኩ፣ በቃ ልሞት ነው ልጆቼ ብቻቸውን ሊያድሩ ነው ብዬ በክርኔ የጎረቤቴን በር ደበደብኩ። ባለቤቴ ፊልድ ነበር።

ጎረቤቴ እግዜር ይስጣት ራይድ ጠርታ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰደችኝ። እጄ እንደዛ ተቆልፎ "መጀመሪያ ካርድ አውጪ" ተባልኩ፣ ካርዱን ጎረቤቴ ፈረመችልኝ። ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ተነሳሁ፣ ደም ተቀዳሁ፣ ኤክስሬይም አዘዙልኝ። ዶክተሩ መጣ፣ ወረቀቱን አየ፣ ፊቴን እንኳን ሳያይ "ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው፣ አታካብጂው" ብሎኝ ሄደ። አታካብጂው! ምን እንደሆንኩ እንዲነግረኝ እኮ ነው የሄድኩት። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፣ አንድ ደቂቃ ቢያስረዳኝ ከዛ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ የልብ በሽታ አለብኝ እያልኩ አልሰቃይም ነበር።

የነገረችኝ ነርሷ ናት። መርፌውን ስትነቅልልኝ ስሰራ የነበረውን ጠየቀችኝና "አየር አንሶሽ አይደለም፣ አብዝተሽ ነው" አለችኝ። በኋላ ሳነብ ገባኝ። ስንተነፍስ የምናስወጣው ካርቦንዳይኦክሳይድ ዝም ብሎ ቆሻሻ አይደለም፣ ደም ውስጥ በልክ መኖር አለበት። በላይ በላይ ስትተነፍሺ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ያኔ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ስር ይጠባል፣ ያዞርሻል፣ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል። አየር ያነሰሽ ይመስልሽና ደግሞ ትስቢያለሽ፣ እንደዛ እያለ ይሽከረከራል። ያን ለማቆም ፌስታል ውስጥ ተንፍሺ የሚሉ ሰዎችም አሉ፣ እንዳታደርጊው፣ ነገሩ አስም ወይም ልብ ከሆነ ፌስታሉ ራሱ ይጎዳሻል።

ደግሞ ሆስፒታል አትሂጂ እያልኩ አይደለም። የልብ ምትሽን አንዴ ታዪ፣ የደም ማነስና ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ችግርም ልብ ያስመታል፣ አስመርምሪ። ደረት የሚጨመድድ ህመም ካለ ወይም ራስሽን ከሳትሽ የምን ሜዲቴሽን ነው፣ ሩጪ።

2. ስራው ያለው ማስወጣቱ ላይ ነው። ነርሷ ያሳየችኝን ልንገርሽ፣ ትኩስ ሻይ እፍ ስትይ ሻዩ ከብርጭቆው እንዳይረጭ ቀስ ትያለሽ አይደል፣ እንደዛ። በአፍንጫሽ እስከ 4 ቆጥረሽ በትንሹ ታስገቢያለሽ፣ እስከ 6 ቆጥረሽ ቀስ እያልሽ ታስወጪያለሽ። 10 ሰከንድ ነው፣ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው፣ አዋቂ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከ12 እስከ 20 ስለሚተነፍስ መጀመሪያ ይከብዳል። 4 እና 6 ከከበደሽ 3 እና 4 አድርጊው፣ መታገል የለም። የእጅሽን አንጓ ይዘሽ የደም ስርሽን ብታዳምጪው ስታስወጪ ምቱ ዘግየት ሲል ይሰማሻል፣ እኔ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

ሆዴ ይሁን ደረቴ የሚተነፍሰው አልለይ ብሎኝ በጀርባዬ ተኝቼ የአንድ ኪሎ ስኳር ፌስታል እምብርቴ ላይ አስቀመጥኩ። ስኳሩ ከፍ ዝቅ ካለ ልክ ነሽ፣ ትከሻሽ ከተነሳ ልክ አይደለሽም። ትንሿ ልጄ አይታ የራሷን አሻንጉሊት ሆዷ ላይ አስቀምጣ አጠገቤ ትተኛ ነበር፣ ከኔ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። 5 ደቂቃ ይበቃል፣ በየቀኑ ግን። እኔ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ ሳይታወቀኝ፣ ስኳሩ መሬት ወድቆ ጠዋት አገኘሁት። ካዞረሽ ወይም ጣትሽን ከወረረሽ ወዲያው አቁመሽ እንደ ልማድሽ ተንፍሺ። ትንፋሽ ይዘሽ መቆየት የሚለውን እርሺው።

3. ቤተሰብ ይቃወምሻል፣ ተዘጋጂ። እናቴ ስታየኝ "ይሄ የባዕድ አምልኮ ነው፣ ጠበል ሂጂ" ብላ አለቀሰች፣ በጣም ነው የከፋኝ። በኋላ ግን ቁጥሩን ትቼ ሳስወጣ በልቤ "አቤቱ ማረን" ማለት ጀመርኩ፣ እሷም ዝም አለች፣ ሙስሊሟ ጎረቤቴ ደግሞ "ሱብሃነላህ" እያለች ትሰራዋለች። ቤንሰን የሚባል የሃርቫርድ የልብ ሐኪም በ1970ዎቹ ይሄንኑ አጥንቷል፣ ሰው አንድ ቃል ወይም አጭር ጸሎት ረጋ ብሎ ሲደጋግም ትንፋሹም የልብ ምቱም እንደሚቀንስ አይቷል። ስለዚህ እምነትሽን የሚነካ ነገር የለውም፣ እናትሽንም እንደዛ ብለሽ አስረጃት።

ሌላው ቡና ነው። አንቺም መቼም ከስራ ስትመለሺ ነው የምትጠጪው፣ እኔ አቦል ቶና በረካ ሳልል አልነሳም ነበር፣ አሁን ከምሳ በኋላ ቡና የለም፣ ቅዳሜ ሰው ሲመጣ እንኳን በረካዋን አልጠጣም።

የትኛውን ቪዲዮ ላልሽው ምንም አልልክልሽም። ለመጀመሪያው ሳምንት ስልክሽን ሳሎን ቻርጅ ላይ ተይው፣ መኝታ ቤት ስኳሩን ብቻ ይዘሽ ግቢ፣ እና እባክሽ ሳምንት ቆይተሽ እዚሁ ስር ጻፊልኝ፣ ስንት ቆጥረሽ እንደምታስወጪ ንገሪኝና እናስተካክላለን።