እንደ ቁልቋል ሳይሆን እንደ ቡና ይያዙት

ጥያቄ

«ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ። ማሽላና ጤፍ እናመርታለን፤ ከጓሮም ትንሽ ቡና አለኝ። ከ4 ዓመት በፊት ልጄ ከአዲስ አበባ አንድ ቅጠል አምጥታ ‹ሌሊት የሚያብብ ቁልቋል ነው› ብላ ሰጠችኝ። ጠፍጣፋ ነው፤ እሾህ የለውም፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ነው። በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ፣ ከማሳ ባመጣሁት ጥቁር አፈር ተከልኩት። ቁልቋል ፀሐይ ይወዳል ብዬ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ሥር አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ጥሩ አደገ። አሁን ግን ቢጫ ሆኗል፤ ጫፉም ይደርቃል። ዩሪያ ቆንጠር አድርጌ ብጨምርለት ረዘመ እንጂ አላበበም። ጎረቤቶቼ ‹ይሄ በለስ ነው፤ ለፍየል ስጪው› ይሉኛል። ልጄ ደግሞ በደወለች ቁጥር ‹አበበ ወይ?› ትለኛለች። ሰሞኑን ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አየሁበት። የራያን በለስ የጨረሰው ትል ይሆን ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ

አብሽሩ እናቴ። ተክልዎ አልሞተም። በዚህ ሁሉ መሃል 4 ዓመት መቆየቱ ጠንካራ መሆኑን ያሳያል። ለፍየል አይስጡት።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። «ቁልቋል ነው» ሲባል ወዲያው የሚታየን በየገደሉና በየአጥሩ የሚቆመው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ያገራችን ቁልቋል ነው። እሱ ድንጋይ ላይ ይበቅላል፤ ፀሐይ አይፈራም፤ ውኃ ጠፋ ብሎ አይጠወልግም። የእርስዎ ተክል ግን የእሱ ዘመድ አይደለም። ያገራችን ቁልቋል ከጉሎ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የእርስዎ ካክተስ የሚባል ሌላ ቤተሰብ ነው። በለስም ካክተስ ነውና ጎረቤቶችዎ ያሉት ከእውነት ብዙ አልራቀም። መለየት ከፈለጉ ጫፉን በቢላ ነካ ያድርጉት። ያገራችን ቁልቋል ወተት ያወጣል፤ ያ ወተት ዓይን ክፉኛ ስለሚጎዳ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከእርስዎ ተክል የሚወጣው ግን ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ነው።

እንደገለጹልኝ ከሆነ ይህ ኤፒፊለም ኦክሲፔታለም የሚባለው ነው። በብዙ አገር «የሌሊት ንግሥት» ይሉታል። ኤፒፊለም የግሪክ ቃል ነው፤ «በቅጠል ላይ» ማለት ነው። አበባው ከቅጠል ላይ የሚወጣ ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው። ያ ጠፍጣፋ ነገር ግን ቅጠል አይደለም፤ ግንዱ ነው። ተጠፍጥፎ የቅጠልን ሥራ ይሠራል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው «ያረጀ ቅጠል ነው» ብሎ ቆርጦ ይጥላል፤ የሚጥለው ግን እምቡጥ የሚይዘውን ግንድ ነው። እኛም ለመግባባት ያህል ቅጠል እያልን እንቀጥል።

አገሩ ደቡብ ሜክሲኮና ጓቲማላ ነው። እዚያ በረሃ ውስጥ አይደለም የሚኖረው። እርጥብ ጫካ ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፎች ላይ ተንጠልጥሎ ነው። እንደ ተቀጽላ የዛፉን ምግብ አይመጥም፤ ቦታውን ብቻ ነው የሚጋራው። ሥሩ የሚይዘው በቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ የተጠራቀመ የበሰበሰ ቅጠል ነው። ዝናብ ሲዘንብ ይርሳል፤ ውኃው ወዲያው ወርዶ ያልቃል። ፀሐይም በዛፉ ቅጠሎች መሃል ተሰባብራ ነው የምትደርሰው።

ይህ ኑሮ ለእርስዎ አዲስ አይደለም። ከዋንዛ ሥር ያለ ቡናዎን ያስቡት። ጥላ ይወዳል፤ ለስላሳ አፈር ይወዳል፤ ውኃ ከሥሩ ሲቆም ይታመማል። ይህንንም ካክተስ እንደ ቁልቋል ሳይሆን እንደ ቡናዎ ይያዙት። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ።

እንግዲህ ዛሬውኑ ከዚያ ግድግዳ ያንሱት። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይና ከግድግዳው የሚመለሰው ሙቀት ነው ያቃጠለው። የጠዋት ፀሐይ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት የሚያገኝበት፣ ከዚያ በኋላ ጥላ የሚሆንበት የምሥራቅ በረንዳ በጣም ይስማማዋል። ከቡናዎ አጠገብ፣ ከዋንዛው ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ቢሰቅሉትም ጥሩ ነው፤ ፍየልም አትደርስበትም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን አያስገቡት። ብርሃን ካጣ ቅጠሉ እንደ አለንጋ እየቀጠነ ይረዝማል፤ እምቡጥም አይዝም። ቢጫው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል። የደረቀው ጫፍ አይመለስም፤ እሱን በንጹሕ ቢላ ቆርጠው መጣል ይችላሉ። ከሥር ክብና ረጅም ሆኖ የሚወጣ ቡቃያ ካዩ ግን አይቁረጡት። እሱ በሽታ አይደለም። ጠፍጣፋዎቹ ቅጠሎች በኋላ የሚወጡት ከእሱ ነው።

ብርድንም ላንሳ፤ ወሎ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነች ብዙ አያሰጋም። ኮምቦልቻ ከዚያም ዝቅ ትላለች። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ናት። እዚያና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይከፋል። ይህ ተክል የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ አይመቸውም። ውርጭ ካገኘው ደግሞ እንደተቀቀለ ጎመን ይልማል። የደጋ ሰው ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገባው። እርስዎ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ካደረጉት ይበቃዋል።

አሁን ወደ አፈሩ። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ያ ጥቁር አፈር መረሬ ነው። ለጤፍና ለሽንብራ መልካም ነው። ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ግን ሲርስ እንደ ጭቃ ይይዛል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል። ጀሪካኑስ ከሥሩ ቀዳዳ አለው? ከሌለው ቢጫ ለመሆኑ ዋናው ምክንያት ፀሐዩ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው።

ተክሉን ቀስ ብለው ያውጡትና ሥሩን ይዩ። ነጣ ያለና ጠንከር ያለ ከሆነ ደኅና ነው። ጥቁር፣ የላመና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። ደኅና ከሆነ መረሬውን አራግፈው በአዲስ አፈር ይትከሉት። አፈሩን እንዲህ ያዘጋጁ። ከዛፍ ሥር ከነብስባሹ የታፈሰ አፈር 2 ጣሳ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት 1 ጣሳ፣ ቀይ አመድ ወይም ደቃቅ ጠጠር 1 ጣሳ። የከሰል ስባሪ አንድ እፍኝ ቢጨምሩበት ጥሩ ነው፤ አፈሩን ክፍት ያደርገዋል። ጀሪካኑን በጋለ ሚስማር ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ይብሱት። ከዚያ አንድ ኩባያ ውኃ አፍስሰው ይጠብቁ። ውኃው ላይ ላዩን ሳይተኛ ቶሎ በሥር መውጣት አለበት። ካልወጣ ጠጠር ይጨምሩ። ትልቅ ማሰሮ ፍለጋ አይድከሙ። ይህ ተክል ሥሩ ጠበብ ሲልበት ነው የተሻለ የሚያብበው።

ሥሩ በስብሶ ከሆነም አይዘኑ፤ ከላይ ያለው ቅጠል ያድነዋል። ጤናማ የሆነ ጠፍጣፋ ቅጠል ይምረጡ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ። የታችኛው ጫፍ የቱ እንደሆነ ምልክት ያድርጉበት፤ ተገልብጦ ከተተከለ ችግር ነው። ወዲያው አይትከሉት። ጥላ ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን አስቀምጠው የተቆረጠው ቦታ እንደ ጠባሳ ይድረቅ። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከአፈር ውስጥ ያስገቡትና በእንጨት ደግፈው ያቁሙት። የመጀመሪያውን ሳምንት ውኃ አይስጡት። በኋላ ትንሽ ትንሽ ያርጥቡት። ሥር ለማውጣት ከአንድ ወር በላይ ሊወስድበት ስለሚችል «ያዘ ወይ?» እያሉ አይንቀሉት። እንዲህ የተተከለ ቅጠል ለማበብ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ሥሩ ደኅና ከሆነ አሮጌውን ማዳኑ ይሻላል።

እንዲህ በቀላሉ የሚራባ ተክል ነው። ብርቅ የሆነው የያዙት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ነው። በውድ ዋጋ አንድ ቅጠል የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎ አይቸኩሉ። ቅጠሉ ሦስት ጠርዝ ካለው ደግሞ ያ ድራጎን ፍሩት ነው። እሱም ዘመዱ ነው፤ ሌሊት ያብባል፤ ለሚበላ ፍሬው የሚተከለው ግን እሱ ነው።

ዩሪያውን ይተዉት። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ቅጠልና ቁመት ያበዛል። ለማሽላ የሚፈልጉት እሱን ነው። ጀሪካን ውስጥ ያለ ተክል ግን ቅጠል እያበዛ አበባ ይረሳል፤ ጨው ሲበዛበትም ሥሩ ይቃጠላል። «ረዘመ እንጂ አላበበም» ያሉት በትክክል ይሄው ነው። መመገብ ካማረዎ በደንብ የበሰበሰ የአሮጌ ፍግ አንድ እፍኝ በ10 ሊትር ውኃ ውስጥ አሳድረው ያጥልሉት። መልኩ እንደ ቀጭን ሻይ ይሁን። በበልግና በክረምት በወር አንድ ጊዜ ያጠጡት። በበጋ ምንም አይስጡት።

ውኃውንስ? ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ደርቆ ካገኙት ያጠጡ፤ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ እንዳይወርድበት ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ያድርጉት።

የማበቡ ምሥጢር ግን የበጋው ዕረፍት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ውኃውን ይቀንሱለት። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ኩባያ ይበቃዋል፤ እንዳይጨማደድ ያህል ብቻ። ይህ የቀዝቃዛና የደረቅ ጊዜ ዕረፍት ተክሉን ለእምቡጥ ያዘጋጀዋል። ከዚያ የካቲት ላይ ሙቀቱ ሲጨምርና በልጉ ሲመጣ ውኃውን መልሰው ይጨምሩለት። የወሎ ወቅት ለዚህ ተክል ምን ያህል እንደሚመቸው ሳስብ ደስ ይለኛል። ደረቅና ቀዝቃዛ በጋ፣ ከዚያ በልግ፣ ከዚያ ክረምት። ሌላ ቦታ ሰዎች ይህን በቤት ውስጥ በስንት ድካም ያመቻቹታል። እርስዎ ጋ ሰማዩ ይሠራልዎታል። በልጉ የቀረ ዓመት ደግሞ በጣሳ ያጠጡት።

ነጩን ጥጥ በተመለከተ ፍርሃትዎ ይገባኛል። የራያን በለስ የጎዳው ኮችኒል የሚባል ነፍሳት ነው። መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው ቀይ ቀለም ለማምረት ተብሎ ነበር፤ ኋላ ከቁጥጥር ወጥቶ የገበሬውን በለስ አጠፋ። እሱ ዋና ምግቡ በለስ ነው። ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ከነጩ ጥጥ ትንሽ በእንጨት አንስተው ነጭ ወረቀት ላይ ይጨፍልቁት። እንደ ደም ቀይ ከሆነ ኮችኒል ነው። ያኔ የያዘውን ቅጠል ቆርጠው ያቃጥሉት፤ ለማንም ቅጠል አይስጡ፤ ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያም ወዲያው ይንገሩ። ቀይ ካልሆነ ግን የቤት ውስጥ ተክሎችን የሚመጥ የተለመደ ተባይ ነው። ጥጥ በሕክምና አልኮል ነክረው አንድ በአንድ ይጥረጉት። ወይም በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ ፀሐይ ሳይኖር ማታ ላይ ይጠቡት። በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረጉ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ይድገሙት፤ እንቁላሉ በአንድ ጊዜ አያልቅምና።

እምቡጥ የወጣለት ቀን ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ካለበት አያንቀሳቅሱት፤ አያዙሩትም፤ አፈሩም ጨርሶ እንዳይደርቅበት። ቦታው ሲቀየርበት እምቡጡን ይጥላል፤ የዓመት ድካም በአንድ ቀን ይሄዳል። እምቡጡ ከቅጠሉ ጠርዝ እንደ ትንሽ ቀይ ነጥብ ይጀምርና በሳምንታት ውስጥ ይረዝማል። መጀመሪያ ወደ ታች ይንጠለጠላል። መፍቻው ሲቃረብ አንገቱን ጎበጥ አድርጎ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ ልክ እንደ ጀበና አንገት። ጫፉም ይወፍራል። ማታ ከመሸ በኋላ ይከፈታል፤ ቁጭ ብለው ካዩት ሲፈታ ዓይንዎ ያየዋል። ነጭ ነው፤ ከነአንገቱ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ያን ሁሉ ሽታ የሚያወጣው በሌሊት የሚበሩ ትልልቅ የእሳት ራቶችን ለመጥራት ነው። ሲነጋ ይጠወልጋል። ቻይናዎች ታይቶ ወዲያው ለሚጠፋ ነገር ሁሉ በዚህ አበባ ይመስላሉ።

ስለዚህ ያን ማታ ቡናውን ዘግየት አድርገው ያፍሉት። ጎረቤቶችዎንም ይጥሩ፤ እነዚያን «ለፍየል ስጪው» ያሉትንም። ለልጅዎ ግን ያ ዕለት እስኪደርስ ጠብቀው አይደውሉላት። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ሐይቅ ደግሞ ሌላ 30። እምቡጡ ቀና ማለት ሲጀምር፣ ጫፉ እስኪወፍር ሳይጠብቁ ይደውሉላትና ትነሳ።