ዱላው ቆሟል፤ ፍርሃቱ ግን አልቆመም

ጥያቄ፦ ባለቤቴን መምታት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቄ ታርቀናል። እርሷ ግን እንቅልፍ የላትም፤ ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ትደነግጣለች፤ ከልጆቹ ጋር እንኳ አትጫወትም። ጠበል ብወስዳትም ለውጥ የለም። ምን ሆና ነው? እንዴትስ ትድንልኛለች?

መልስ፦ ማቆምዎ ትልቅ ነገር ነው፤ መጠየቅዎንም አከብራለሁ። ሆኖም በደብዳቤዎ የባለቤትዎ ሕመም በዝርዝር ሲጻፍ የእርስዎ ድርጊት «መምታት» በሚል አንድ ቃል ታልፏል። ለስንት ዓመት እንደቆየ፣ ልጆቹ ያዩ እንደሆነ አልነገሩኝም። የጥያቄዎ መልስ የሚጀምረው ግን ከዚህ ካልተጻፈው ክፍል ነው።

የመጨረሻው ዱላ የመጨረሻ መሆኑን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርሷ በሩ ሲከፈት የእርምጃዎን ድምፅ፣ የፊትዎን ሁኔታ እያጠናች ለዓመታት ራሷን ስትጠብቅ ኖራለች፤ ይህ ንቃት አንድ ቀን በተደረገ እርቅ የሚሻር አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ መደንገጥና ስሜት መደንዘዝ ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረትም እነዚህ ሴቶች በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ወደ እጥፍ የተጠጋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልጠይቅዎ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ እርስዎ ይቅርታ ሲለምኑ፣ ባለቤትዎ «አልችልም» ማለት ትችል ነበር? እምቢ ማለት በማይቻልበት ቦታ የተሰጠ ይቅርታ እርስዎን ቢያሳርፍም የእርሷን አፍ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ደረሰባት ብታነሳ «ታርቃችሁ የለ?» እንደምትባል ታውቃለች። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ወንጀል ብሎታል፤ በቤታችሁ ግን ስሙ እስካሁን «ጠብ» ሳይሆን አይቀርም። በአንደበቷ ያልወጣውን ሰውነቷ እየተናገረው ይመስለኛል።

ባለቤትዎን ሳላያት ሕመሟን መወሰን አልችልም። ፈቃደኛ ከሆነች ብቻዋን፣ ቢቻል ሴት ከሆነች ባለሙያ ጋር ትገናኝ፤ በእርስዎ ፊት የምትናገረውን መመዘኗ ስለማይቀር ለጊዜው አብራችሁ ባትገቡ እመርጣለሁ። የነገረችውንም አይጠይቋት። እርስዎም ለራስዎ ባለሙያ ይፈልጉ። መኖር እንደሰለቻት ከተናገረች ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ትሂድ። ለጥቂት ጊዜ እናቷ ቤት ልሁን ብትልም አይከልክሏት፤ መቼ እንደምትመለስም እርሷ ትወስን።